ቤንዚንና ኤሌክትሪክ በአንድ ግቢ፦ የአንድ የኮምቦልቻ ማደያ አገልግሎት ሲገመገም

ይህ ግምገማ በኮምቦልቻ ከተማ ዳር በሚገኝ አንድ የነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ የተተከለውን የኤሌክትሪክ መኪና ኃይል መሙያና ከእሱ ጋር አብረው የቀረቡትን አገልግሎቶች ይመለከታል። የማደያውንም ሆነ የኩባንያውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የማነሣቸው ጉድለቶች የነዳጅ ኩባንያዎች ወደ ታዳሽ ኃይል እየተሸጋገርን ነው ሲሉ በብዙ አገር የሚያሳዩት ጠባይ እንጂ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደሉምና። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ አገልግሎቱ ጠቃሚ ነው፤ ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲና ከከሚሴ ለሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት መኖሩ በራሱ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ኩባንያው ለቤንዚንና ለናፍጣ የሰጠውን ቦታ፣ የሰው ኃይልና ጥንቃቄ ለኤሌክትሪኩ አልሰጠውም፤ በአጥሩ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ማስታወቂያ የሚለውና ግቢው ውስጥ የሚታየው ነገር አይገጥሙም።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለመረዳት መንገዱን መመልከት ይበቃል። የአገራችን ነዳጅ ከሞላ ጎደል በሙሉ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ሲሆን፣ ወደዚህ አካባቢ የሚመጣው ቦቴ ጋላፊን አልፎ ሚሌ ከደረሰ በኋላ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ይህን ሁሉ በረሃና ዳገት የሚያቋርጠው ራሱ ናፍጣ እያቃጠለ ነው። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ኃይላችን አብዛኛው ከውኃ፣ ቀሪውም በአመዛኙ ከነፋስ የሚመነጭ ነው፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ የቻይና ሥሪት የሆኑ የኤሌክትሪክ መኪኖች በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ጎዳናዎች መታየታቸው አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቷል። መኪናው መጥቷል፤ ኃይሉም አለ። የጎደለው በዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ኃይሉን ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ ተቋም ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከነዳጅ ኩባንያዎች የተሻለ የተዘጋጀ አካል የለም። ቦታው የእነሱ ነው፤ ጥበቃው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቡና የሚፈላበት ጥግ፣ ስለ እሳት አደጋ የሠለጠነ ሠራተኛ፣ ሌሊት የሚበራ መብራት፣ ሁሉም አስቀድሞ አላቸው። ስለዚህ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ለአረንጓዴው ሽግግር ምን ያህል እንደቆረጠ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዓመታዊ መግለጫውን ከማንበብ ይልቅ በማደያው ግቢ ውስጥ ኃይል መሙያውን የት እንዳስቀመጠው ቢያይ ይሻለዋል።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። መሣሪያው ፈጣን የሚባለው ዓይነት ሆኖ ሁለት መሰኪያዎች አሉት፤ አንዱ ለቻይና ሥሪት መኪኖች፣ ሌላው ለአውሮፓ ሥሪት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በከተሞቻችን ካሉት ኃይል መሙያዎች ብዙዎቹ የሚያገለግሉት ለቻይናው መሰኪያ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ዓይነት መኪና የገዛ ሰው ከቤቱ ሶኬት ውጭ አማራጭ አያገኝም። ባትሪዬ 20 በመቶ ላይ ሳለ ሰክቼ 80 በመቶ እስኪደርስ ድረስ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ በላይ ለመሙላት መጠበቅ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው ኃይል በራሱ እየቀነሰ ይመጣልና። ስክሪኑ የገባውን ኃይል በኪሎዋት ሰዓት፣ የቀረውን ጊዜና ሒሳቡን በግልጽ ያሳያል። ክፍያው እንደ ነዳጁ ሁሉ በቴሌብር ነው። አንድ ነገር ግን መስተካከል አለበት፦ የቤንዚን ደረሰኝ ስንት ሊትር እንደተቀዳ ሲጽፍ፣ የኤሌክትሪኩ ደረሰኝ የሚጽፈው ብሩን ብቻ ነው። ደንበኛው የገዛውን መጠን በእጁ ይዞ መሄድ ይገባዋል፤ በተለይ ታክሲ የሚሠሩ ሰዎች የዕለት ወጪያቸውን የሚያሰሉት በዚህ ነው።

የመሣሪያው መገኛ ኮምቦልቻ መሆኑ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት የኤሌክትሪክ መኪና ባሕርይ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ነው። አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ወይም እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሲያነሣ ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በመሆኑም ከደሴ ሲነሣ የነበረው የባትሪ መጠን ኮምቦልቻ ሲደርስ እምብዛም ሳይጎድል የሚገኝበት ጊዜ አለ። በነዳጅ መኪና ይኸው ቁልቁለት የሚታወቀው በፍሬን ሸራ ሽታ ነው። ሽቅብ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያን ያህል ከፍታ ለመውጣት ብቻ ሁለት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ይበላል፤ ይህም ያው መኪና በሜዳ ላይ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድበት የሚችል ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባም ሆነ ከሚሌ መጥቶ ወደ ደሴ ለሚወጣ ሰው ከዳገቱ ሥር ኃይል መሙያ መኖሩ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ቦታውን የመረጠው ሰው መንገዱን የሚያውቅ መሆኑ ያስታውቃል።

ሠራተኞቹን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። በኃይል መሙያው ላይ የተመደበችው ወጣት ቀደም ሲል ነዳጅ ቀጂ የነበረች ስትሆን፣ መሰኪያውን ከመስካቷ በፊት ገመዱ መላጥ አለመላጡን በእጇ ዳብሳ ታያለች፤ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ጠርጋ ታደርቃለች፤ መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ለመጣ ሰው የስክሪኑን እያንዳንዱን ቁጥር በትዕግሥት ታስረዳለች። ይህን ጥንቃቄ ያመጣችው ከነዳጁ ሥራ ነው፤ የነዳጅ ኩባንያዎች ለአዲሱ ኃይል ሊያበረክቱ ከሚችሉት ነገር ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ይመስለኛል። ብዙዎች የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ የነዳጅ ቀጂዎች እንጀራ ይቋረጣል ብለው ይሰጋሉ፤ ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለች ሠራተኛ በአጭር ሥልጠና ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ልትዛወር እንደምትችል እዚህ በዓይን ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት እመጣለሁ። መሣሪያው የተተከለው ቦቴ ነዳጅ ከሚያራግፍበት የመሬት ውስጥ ታንከር አፍ አጠገብ ነው። ቤንዚን በሚራገፍበት ጊዜ የሚወጣው ትነት በትንሽ የእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ማራገፉ እስኪያልቅ ድረስ በአካባቢው ያለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁሉ መጥፋት አለበት፤ ሠራተኞቹም ይህን በጥብቅ ይፈጽማሉ። ስለዚህ ቦቴ በመጣ ቁጥር ኃይል መሙያው ይዘጋል። አንድ ቀን ባትሪዬ ገና ሳይሞላ ቦቴው ገባና ያችው ወጣት መጥታ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ቦቴው እስኪራገፍ እናጥፋው፤ እስከዚያ ገባ ብለው ቡና ይጠጡ» አለችኝ። እሷን የሚወቅስ ሰው የለም፤ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገችው። የሚወቀሰው ከመኪና ማጠቢያው በስተጀርባ ሰፊ ባዶ ቦታ እያለ መሣሪያውን እዚህ ያስተከለው አካል ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ የተነገረኝ፣ የትራንስፎርመሩ መስመር ለዚህ ስለሚቀርብና ገመዱን ወደዚያ ለመዘርጋት ተጨማሪ ወጪ ስለሚጠይቅ ነው የሚል ነበር። የጥቂት ሜትር ገመድ ወጪን ለመቆጠብ ሲባል አዲሱ አገልግሎት የአሮጌው ተጠባባቂ ሆኖ እንዲቀር ተደርጓል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት መብራት ሲጠፋ የሚታየው ነው። መብራት ከሄደ የነዳጅ ፓምፖቹ በጀኔሬተር ወዲያው ሥራ ይጀምራሉ፤ ኃይል መሙያው ግን ይቆማል። ጀኔሬተሩ ለእሱ አይበቃም፤ ቢበቃም እንኳን ናፍጣ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ መኪና መሙላት ትርጉም የለውም። መፍትሔው በባትሪ የተከማቸ ኃይል ማዘጋጀት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ መብራቱም ነዳጁም የጠፋበትን ወቅት ያሳለፈ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ፣ በየመንገዱ ዳር ከዋናው መስመር ተለይቶ ሊሠራ የሚችል የኃይል ምንጭ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም፤ ለአምቡላንስም፣ ለወፍጮም፣ ለስልክም ጭምር ነውና።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ነው። በወሎ ከተሞች ሕዝቡን የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ በማደያዎች በር ላይ ረጅም ሰልፍ ይዘው የሚያድሩት፣ ያም ካልሆነ በሃይላንድ ላስቲክ የተቀዳ ቤንዚን በእጥፍ ዋጋ ገዝተው የሚሠሩት ባለባጃጆች ናቸው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ባጃጅ የገዙ ወጣቶች በቁጥር እየበዙ ነው፤ ሆኖም ይህ ውድ መሣሪያ ለእነሱ አያገለግልም። ፈጣኑ ኃይል መሙያ የተሠራው ለመኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ ሲሆን፣ ባጃጁ የሚፈልገው ተራውን የ220 ቮልት ሶኬት፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለልበት ዳስና የፍጆታ ቆጣሪ ብቻ ነው። አሥር ሶኬት ያለው እንዲህ ያለ መደዳ ማሠራት ከፈጣኑ መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ አይደለም። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ወደ ግቢው ገብቶ፣ «ወንድሜ፣ ለእኛስ ሶኬት የላችሁም?» ብሎ ሲጠይቅና የለም ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ብዙ ደንበኛ ያለው በዚያ በኩል መሆኑን ኩባንያው ቢያጠና ኖሮ ይደርስበት ነበር። መሣሪያው የተመረጠው ከአዲስ አበባ ለሚመጣ መኪና ታስቦ ይመስላል፤ እዚሁ ለሚኖረው ሰው አይደለም።

የማደያው ጣሪያ በሶላር ሰሌዳ የተሸፈነ ሲሆን፣ በአጥሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ የሚመካበት ዋነኛ ነገር ይኸው ነው። ሰሌዳዎቹ በትክክል የተገጠሙና በየጊዜው አቧራቸው የሚጠረግ መሆኑን አይቻለሁ፤ የግቢውን መብራት፣ የሱቁን ማቀዝቀዣና የቢሮውን ኮምፒዩተሮች ያንቀሳቅሳሉ፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። 100 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የሶላር ሰሌዳ በእኛ አየር ንብረት በቀን 80 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህም የሁለት አነስተኛ መኪኖችን ባትሪ ይሞላል። በሌላ በኩል 45,000 ሊትር ናፍጣ የሚያራግፍ አንድ ቦቴ የያዘው ኃይል 450,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው ብለን ብንቀንስ እንኳን፣ ጣሪያው የአንድ ቦቴ ጭነትን ለመተካት አምስት ዓመት ያህል መሥራት ይኖርበታል። ያ ናፍጣ ሲቃጠል ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከ120 ቶን በላይ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ያወጣልና።

ይህን ስሌት ያነሣሁት ሶላሩን ለማጣጣል አይደለም። የነዳጅ ኩባንያዎች ብክለታችንን ቀነስን ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት በራሳቸው ግቢ ስላለው ብክለት፣ ማለትም ነዳጁን ለማውጣት፣ ለማጣራትና ለማጓጓዝ ስለሚያወጡት ጢስ ነው። ይህ ክፍል ቀላል ነው አልልም፤ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው የነዳጅና የጋዝ ሥራው ራሱ ከኃይል ጋር ከተያያዘው የዓለም ልቀት 15 በመቶ ገደማውን ይይዛል፤ ለዚህም የሚያፈተልከውን ሚቴን መግታትና ጋዝ ዝም ብሎ ማቃጠልን ማቆም ኩባንያዎቹ ከማንም በፊት ሊሠሩት የሚችሉትና የሚገባቸው ነገር ነው። ነገር ግን ከአንድ በርሜል ነዳጅ የሚመጣው ብክለት ትልቁ ክፍል የሚወጣው ደንበኛው ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ነው። የማደያው ማስታወቂያ ስለ ጣሪያው እንጂ ስለ ታንከሩ የሚናገረው ነገር የለም።

ይህ ጠባይ ከላይ የመጣ መሆኑን የትልልቆቹን ኩባንያዎች ታሪክ የተከታተለ ሰው ያውቃል። ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓርማውን ወደ አረንጓዴና ቢጫ ፀሐይ ቀይሮ ከነዳጅ ባሻገር እንሄዳለን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የነዳጅና የጋዝ ምርቱን እስከ 2030 በ40 በመቶ እንደሚቀንስ ቃል ገባ። በ2023 ይህን ቃል ወደ 25 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ በ2025 የካቲት ወር ላይ ጭራሽ ትቶት ለነዳጅና ለጋዝ የሚያወጣውን ገንዘብ በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ከፍ እንደሚያደርግ፣ ለታዳሽ ኃይል የመደበውን ግን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ሼልን በ2021 የሔግ ፍርድ ቤት ልቀቱን እስከ 2030 በ45 በመቶ እንዲቀንስ አዞት ነበር፤ በ2024 ኅዳር ወር የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመቀነስ ኃላፊነት አለበት ብሎ ቁጥሩን ግን ሻረው። የኢነርጂ ኤጀንሲው በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ደግሞ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች በዓለም ላይ ለንጹሕ ኃይል ከሚውለው መዋዕለ ንዋይ ውስጥ ያላቸው ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከራሳቸው የካፒታል ወጪም በ2022 ለዚህ የዋለው 2.5 በመቶ ያህል ነበር። በኮምቦልቻው ግቢ ያየሁትን የቦታ ድልድል ከዚህ አኃዝ ጋር ሳስተያየው ብዙም አልደነቀኝም፤ በመቶ ውስጥ ሁለት ተኩል የሚመደብለት ሥራ ከታንከር አፍ አጠገብ መቀመጡ ያለ ነገር ነውና።

መለወጥ አይቻልም የሚለውን ሰበብ ግን አልቀበልም። የዴንማርክ የነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ድርጅት የነበረው ተቋም የነዳጅና የጋዝ ዘርፉን እ.ኤ.አ. በ2017 ሸጦ፣ ስሙንም ኧርስቴድ ብሎ ቀይሮ፣ በባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቅቷል። የኖርዌዩ ኢኩዊኖር ደግሞ በጥልቅ ባሕር ላይ ነዳጅ ለማውጣት ያካበተውን ዕውቀት ተጠቅሞ 30 ሜጋዋት የሚያመነጭ ተንሳፋፊ የነፋስ ኃይል ጣቢያ በ2017 በስኮትላንድ ባሕር ላይ ሥራ አስጀምሯል። በእኛም አገር ቢሆን ከስኳር ተረፈ ምርት የሚገኝ ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ መሸጥ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ሲጀመር ሥራውን የሠሩት የነዳጅ ኩባንያዎች ነበሩ፤ በኋላም መጠኑ ወደ 10 በመቶ አድጓል። አሽከርካሪው ምንም ሳይቸገር፣ ፓምፑም ሳይቀየር የውጭ ምንዛሬ ማዳን እንደሚቻል ያን ጊዜ ታይቷል።

ሱቁን በአጭሩ ልጥቀስ። ከዘይትና ከግሪስ መደርደሪያ አጠገብ የሶላር መብራቶች ይሸጣሉ፤ አነስተኞቹ ለንባብ፣ ትልልቆቹ ስልክ ጭምር የሚሞሉ ናቸው። ከደላንታ፣ ከለጋምቦና ከሌሎች የወሎ ደጋማ ወረዳዎች ለገበያ የሚወርድ ገበሬ የኩራዝ ጢስ ከልጆቹ ዓይን የሚርቅለት በዚህ ነው፤ ቶታል የተባለው ኩባንያ ከዓመታት በፊት አዋንጎ በሚል ስም በአፍሪካ ማደያዎቹ ይህን ሥራ ሲጀምር ካደረጋቸው መልካም ነገሮች አንዱ እንደሆነ አምናለሁ። የዚህ ማደያ ሻጭም ዕቃውን አብርቶ ያሳያል፤ ዋስትናውን ጽፎ ይሰጣል። የጎደለው የመለዋወጫ ባትሪ ነው፤ ባትሪው የደከመበት ደንበኛ ሙሉውን መብራት እንደገና እንዲገዛ ይነገረዋል፤ ይህም ለገበሬው ወጪ፣ ለአካባቢው ቆሻሻ ነው።

የተቃጠለ ዘይትን በተመለከተ ግን ማደያውን ያለ ማመንታት አመሰግናለሁ። ዘይት ሲቀየር የሚወጣው አሮጌ ዘይት ተከድኖ በሚቆለፍ በርሜል ይጠራቀማል፤ ወለሉ በሲሚንቶ የተሠራ ሆኖ የፈሰሰው ወደ ተለየ ጉድጓድ ይወርዳል። በሌሎች የዘይት መቀየሪያ ቦታዎች አሮጌው ዘይት ምስጥ እንዳይበላው ለአጥር እንጨት መቀቢያ ይሸጣል፤ የተረፈው ወደ ቦይ ይደፋል። ቦዩ የሚወርደው ወደ ቦርከና ነው፤ ቦርከና ደግሞ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ የሚገባ፣ ከብቱ የሚጠጣውና መስኖው የሚጠለፍበት ወንዝ ነው። የነዳጅ ኩባንያ ለአካባቢው ሊያደርገው ከሚችለው ነገር ሁሉ ቀዳሚው የራሱን ቆሻሻ መሰብሰብ ነው፤ ይህ ማደያ ያን ያደርጋል፤ በማስታወቂያው ላይ ሳይጽፈው ማድረጉም ያስከብረዋል። እንዲያውም በአጥሩ ላይ መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር እላለሁ።

ለኩባንያው ያለኝን ጥያቄ በግልጽ አስቀምጣለሁ። ኃይል መሙያው ከቦቴ ማራገፊያው ርቆ ከመኪና ማጠቢያው በስተጀርባ ይተከል፤ ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የሚሆን የሶኬት መደዳ በቆጣሪ ይሠራ፤ የጣሪያው ሶላር የሚያመነጨውን ኃይል የሚያጠራቅም ባትሪ ይገጠም፤ ደረሰኙ ላይ ኪሎዋት ሰዓቱ ይጻፍ። እነዚህ ከአንድ ቦቴ ነዳጅ ዋጋ ጋር ሲታዩ ከባድ ወጪዎች አይደሉም። በየዓመቱ ደግሞ በዚህ ማደያ ስንት ሊትር ነዳጅና ስንት ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንደተሸጠ ጎን ለጎን ተጽፎ ቢለጠፍ፣ ሽግግሩ እየሄደ ይሁን ቆሞ ይቅር ማንም ሰው አንብቦ ይረዳው ነበር። ይህ ሐሳብ ለሥራ አስኪያጁ በቀረበለት ጊዜ በጥሞና አድምጧል፤ ሁለተኛ ኃይል መሙያ ለመትከል ለዋናው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ማቅረቡንና ቦታውም በማጠቢያው በኩል እንዲሆን እንደሚሟገት ነግሮኛል።

እስከዚያው ድረስ አገልግሎቱን ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው የሚከተለውን እመክራለሁ። ወደ ደሴ የሚወጣ ከሆነ ባትሪው ከ40 በመቶ በታች ከወረደ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት እዚህ ይሙላ። ከደሴ የሚወርድ ሰው ግን ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ አይነሣ፤ የሞላ ባትሪ በሐረጎ ቁልቁለት የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ አይኖረውም፤ ፍሬኑም ያለ ሞተሩ እገዛ ብቻውን ይሠራል። መሣሪያው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ በሌሊት ተማምኖ መምጣት አይገባም። ጠዋት ማለዳ ቦቴ የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መድረስ ይሻላል፤ ስልክ ደውሎ ቦቴ መኖር አለመኖሩን መጠየቅም ይቻላል፤ ሠራተኞቹ በትሕትና ይመልሳሉ። የአውሮፓ ሥሪት መኪና ያለው ሰው ሁለተኛው መሰኪያ በሥራ ላይ መሆኑን ጨምሮ ይጠይቅ። ሁለት መኪኖች በአንድ ጊዜ ሲሰኩ ኃይሉ ለሁለት ስለሚከፈል የሚፈጀው ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል።